3 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፦ በድሮው ኬዝ አይነሳም፣ በአዲሱ ኬዝ ደግሞ "ፎርማት አድርግ" ይላል

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ) · ሰኞ ምሽት 2፡10

ሰላም ጀመዓ። የፎቶ ቤት ኤክስተርናል ነው፤ ባለ 3.5 ኢንች፣ 3 ቴራ፣ ከፋብሪካ ከነኬዙና ከነአዳፕተሩ የመጣ። የሚሠራው ዊንዶውስ 10 ላይ ነው። ቅዳሜ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ እምቢ አለ።

አዳፕተሩ ሲሰካ የኬዙ መብራት ይበራል። ዩኤስቢው ሲገባ ዲስኩ ሊነሳ ይሞክርና "ትክ" ብሎ ይቆማል፤ የኬዙም መብራት አብሮ ጠፍቶ ይበራል። ከ2 ወይም 3 ሰከንድ በኋላ እንደገና ያው ነው። ኮምፒውተሩ አንዳንዴ "ዩኤስቢ ዲቫይስ ኖት ሪኮግናይዝድ" ይላል፣ አንዳንዴ ምንም አይልም። ሌላ ገመድ፣ ሌላ ላፕቶፕ፣ የዴስክቶፑ የኋላ ዩኤስቢ ተሞክሯል። አዳፕተሩ በቴስተር ሲለካ 12.1 ቮልት ስለሰጠ ደህና ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ዲስኩን አውጥቼ ከታይዋን ገበያ የተገዛ አዲስ የሳታ (የዲስክ ሶኬት ዓይነት) ኬዝ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ በደንብ ይነሳል፣ ዊንዶውስም ያየዋል፤ ግን "ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት አድርግ" የሚል መልእክት ይመጣል። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ 349 ጊጋ "ራው" (ፋይል ሲስተሙ ያልታወቀ) ይላል፣ የቀረው "አንአሎኬትድ" (ያልተመደበ) ነው። 2.4 ቴራ የሚሆን የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ አለበት። ፎርማት አድርጌ በሪከቨሪ ፕሮግራም ላውጣው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? እስካሁን ምንም አልጻፍኩበትም።

ሳቢያን 24 · ሰኞ ምሽት 2፡35

ራው ካለ ፋይል ሲስተሙ ተበላሽቷል ማለት ነው። ኩዊክ ፎርማት አድርገውና በሪከቨሪ ፕሮግራም አውጣው። ኩዊክ ፎርማት ዳታውን አይነካም።

ሸዋበር (ሐረር) · ሰኞ ምሽት 2፡50

አቦ እንዳትነካው! ኩዊክ ፎርማት ዳታ አይነካም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ቪዲዮውን ራሱን አያጠፋም፤ ነገር ግን አዲስ የፋይል መዝገብ ይጽፋል። በኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ ፋይል በሚያደራጅበት ዘዴ) ይህ መዝገብ ኤምኤፍቲ የሚባለው ነው፤ የፋይሎቹን ስም፣ ፎልደራቸውን፣ እያንዳንዱ ፋይል ዲስኩ ላይ የት የት ተበታትኖ እንደተቀመጠ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ትልቅ ዲስክ ፎርማት ሲያደርግ ኤምኤፍቲውን አብዛኛውን ጊዜ ከፓርቲሽኑ (ከዲስኩ ክፍል) መነሻ 3 ጊጋ ገደማ ላይ ያስቀምጠዋል። የድሮውም እዚያው አካባቢ ነው ያለው፤ አዲሱ በላዩ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መዝገቡ ለተነካበት ፋይል ሪከቨሪ የሚያወጣልህ ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ የያዘ ፋይል ነው፤ በአንድ ቦታ ተጣብቆ ያልተቀመጠ ረጅም ቪዲዮ ደግሞ ወጥቶም አይከፈትም።

ሌላ ነገር ከመደረጉ በፊት ዲስኩ በአዲሱ ኬዝ እንዳለ ሦስት ነገር አይተህ ጻፍልን። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ በግራ በኩል "ዲስክ 1" የሚለውን በቀኝ ተጭነህ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቮሊዩምስ ግባ፤ ፓርቲሽን ስታይሉ (የዲስኩ ክፍፍል መዝገብ ዓይነት) ኤምቢአር ነው ወይስ ጂፒቲ? አጠቃላይ መጠኑ ስንት ጊጋ ነው? አንአሎኬትድ የሚለው አንድ ነው ወይስ ለሁለት የተከፈለ፣ እያንዳንዱስ ስንት ነው? ያየኸውን ቁጥር ሳትጠቀልል ከነነጥቡ ጻፈው፤ 349 የሚለው ቁጥር አንድ ነገር እያስጠረጠረኝ ነው።

ለገሀሬ (ድሬዳዋ) · ሰኞ ምሽት 3፡20

ስለ ዳታው ከሸዋበር ጋር ተነጋገሩ። እኔ ወደ ድሮው ኬዝ ልመለስ፤ ምልክቱ የአዳፕተር ድካም ነውና።

ቴስተር 12.1 ማሳየቱ አዳፕተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቴስተር ከአዳፕተሩ የሚወስደው ከረንት ከምንም አይቆጠርም። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ግን ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፔር ድረስ ይጠይቃል፤ ከተነሳ በኋላ ግማሽ አምፔር ገደማ ይበቃዋል። ለዚህ ነው ደክሞ የነበረ አዳፕተር ለወራት ሲሠራ ቆይቶ መብራት ሄዶ በመጣ ቀን የሚያቆመው። የሚሽከረከረውን ማቆየት አያቅተውም፣ የቆመውን ማስነሳት ነው የሚያቅተው።

የኬዙ መብራት አብሮ መጥፋቱም ይህንኑ ነው የሚናገረው። ለዲስኩ ሰሌዳና ዩኤስቢውን ወደ ሳታ ለሚቀይረው ቺፕ የሚሄደው 5 ቮልት የሚሠራው ከዚያው ከ12ቱ ነው። 12ቱ ሲወድቅ 5ቱም ይወድቃል፣ ቺፑ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ኮምፒውተሩም ጀምሮ የተወውን ግንኙነት "አላወቅኩትም" ይለዋል። የዲስኩ ሄድ (ዳታ የሚያነበው ጫፍ) ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ዲስኩ እየተሽከረከረ "ትክ ትክ" ይል ነበር እንጂ የኬዙ መብራት አይጠፋም ነበር። ደግሞም በአዲሱ ኬዝ በደንብ ተነስቷል።

በጭነት ለመለካት የድሮውን ኬዝ ክፈትና ሰሌዳው ላይ የአዳፕተሩ ሶኬት የተበየደበትን ከጀርባ ፈልግ። ቀዩን የቴስተር ጫፍ የመሀሉ ፒን ላይ፣ ጥቁሩን ነጌቲቩ ላይ ይዘህ አዳፕተሩን ሰካና ዲስኩ ሊነሳ ሲሞክር ቁጥሩን ተመልከት። ከ11.4 በታች እየወረደ ከቆየ አዳፕተሩ ደክሟል። ኬዙን ሳትከፍት ማየት ከፈለግክ የባጃጅ ፍሬቻ አምፖል ይበቃል፤ ላዩ ላይ 12 ቮልት 10 ዋት የሚል መሆኑን አረጋግጥ። አንዱ 0.8 አምፔር ገደማ ይወስዳል። መጀመሪያ አንዱን አገናኝ፣ በደንብ ከበራ በኋላ ሁለተኛውን ጎን ለጎን ጨምር፤ ሁለቱ ሲሆኑ 1.7 ገደማ ይደርሳል። አምፖል ቀዝቃዛ ሲሆን ብዙ ከረንት ስለሚስብ ሁለቱን በአንዴ አትሰካ፤ ጤነኛውም አዳፕተር ሊደነግጥ ይችላል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በውጤቱ በኩል ያሉት ካፓሲተሮች መድረቅ ነው፤ 16 ቮልት 1000 ማይክሮ ፋራድ ወይም ለዚያ የቀረበ። የድሬ ሙቀት ላይ አዳፕተሩ ዲቫይደር ውስጥ ከሌሎች ጋር ተደርድሮ ከዋለ ቶሎ ይደርቃሉ፤ ጭንቅላታቸው ያብጣል። በ105 ዲግሪ ደረጃ ሊተኩ ይችላሉ፤ ነገር ግን በመግቢያው በኩል ያለው 400 ቮልት የሚለው ትልቁ ካፓሲተር ከ220 መብራት ተጣርቶ 310 ቮልት ገደማ ይይዛል፣ ከተነቀለም በኋላ ይዞ ይቆያል። የማያውቅ ሰው አይክፈተው፤ አዳፕተር በየሱቁ አለ።

አዲሱ ኬዝ የራሱ አዳፕተር አለው አይደል? ላዩ ላይ የተጻፈውን ገልብጠህ አምጣ። የምፈልገው ውጤቱ 12 ቮልት 2 አምፔር መሆኑን፣ ክቡ ሥዕል ላይ መሀሉ ፖዘቲቭ መሆኑንና ጫፉ የድሮው ኬዝ ውስጥ ሳይላላ መግባቱን ነው። ውጪው ዲያሜትር 5.5 ሚሊ ሆኖ የመሀሉ ቀዳዳ 2.1 ወይም 2.5 ይሆናል። ባለ 2.1 ጫፍ 2.5 ፒን ላይ ጭራሽ አይገባም፤ ባለ 2.5 ደግሞ 2.1 ፒን ላይ ይገባና እየላላ ብልጭታ ይፈጥራል።

ሳቢያን 24 · ሰኞ ምሽት 3፡40

ስለ ፎርማቱ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። አዳፕተር እስኪገኝ ግን የላፕቶፕ ቻርጀር ለ1 ደቂቃ ቢሞከርስ? አምፔሩ በቂ ነው፣ ጫፉም አንዳንዱ ይገባል።

ለገሀሬ (ድሬዳዋ) · ሰኞ ምሽት 3፡45

በጭራሽ! የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 19 ቮልት ገደማ ነው። ብዙ ኬዝ 12ቱን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ዲስኩ ያሳልፈዋል። ዲስኩ ሰሌዳ ላይ መግቢያው አጠገብ ቲቪኤስ የሚባል መከላከያ ዳዮድ አለ፤ ቮልት ሲበዛበት ራሱን ሾርት አድርጎ ሌላውን ያድናል። ዕድለኛ ከሆነ የሚቃጠለው እሱ ብቻ ነው፣ ካልሆነ የሞተር መቆጣጠሪያው ቺፕም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ አምጥቶ መግጠም ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ የዲስኩን የግል መለኪያዎች የያዘውን ባለ 8 እግር ሮም ቺፕ ከድሮው ሰሌዳ ፈትቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ያስፈልጋል።

ይህ ስህተት ቀድሞ ለደረሰበት ሰው አንድ ምልክት ልንገር፦ ኬዙ ባዶውን መብራቱ ይበራል፣ ዲስኩ ሲሰካ ግን በቅጽበት ድርግም ይላል፣ የመነሳት ሙከራ እንኳ የለም። ዲስኩን ከሁሉ ነገር ነቅለህ የሳታው ረጅሙ ባለ 15 ፒን ሶኬት ላይ ኦሙን ለካ። 7፣ 8፣ 9 ባለ 5 ቮልት ናቸው፤ 13፣ 14፣ 15 ባለ 12 ናቸው፤ ግራውንዱ 4፣ 5፣ 6 ነው። ከአንዱ መስመር ወደ ግራውንድ ዜሮ አጠገብ ካሳየ ዳዮዱ ሾርት ሆኗል።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ) · ማክሰኞ ረፋድ 4፡15

ጋሼ፣ ያልከው ሆኖ ተገኝቷል። የድሮው አዳፕተር በባዶው 12.1፤ ዲስኩ ሊነሳ ሲሞክር በ8 እና በ9 መካከል ይወርዳል። በአንድ የፍሬቻ አምፖል 10.2፣ በሁለት አምፖል ራሱ እየጠፋ ይበራል።

የአዲሱ ኬዝ አዳፕተር ላይ ያለው፦ መግቢያ 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፤ መውጫ 12 ቮልት 2 አምፔር፣ መሀሉ ፖዘቲቭ። ጫፉ በድሮው ኬዝ ጥብቅ ብሎ ይገባል። ገና አልሰካሁትም።

ሸዋበር የጠየቅከው፦ ኤምቢአር ነው። ጠቅላላ 2794.52 ጊጋ። ራው የሚለው 349.31፤ ቀጥሎ አንአሎኬትድ 1698.69፤ ከዚያ ተለይቶ ሌላ አንአሎኬትድ 746.52።

ሸዋበር (ሐረር) · ማክሰኞ ረፋድ 4፡50

አልሐምዱሊላህ። ዳታህ አልጠፋም፣ ፋይል ሲስተሙም አልተበላሸም። 349.31ን በ8 አባዛው፤ 2794.5 ይመጣል፣ ልክ የዲስኩ ሙሉ መጠን። የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስክ የሚቆጠረው በሴክተር (በትንንሽ እኩል ቁራጭ) ነው፤ ይህ ዲስክ ለውጭው ዓለም ራሱን በ512 ባይት ሴክተር ነው የሚያቀርበው። ኤምቢአር የሚባለው የፓርቲሽን መዝገብ የሴክተር ቁጥር የሚይዘው በ32 ቢት ስለሆነ በ512 ባይት ሲባዛ ከ2 ቴራ በላይ አይሄድም። ያ የመጨረሻው 746.52 የመጣው ከዚህ ነው፤ 2794.52 ሲቀነስ 2048። ባለ 3 ቴራ ኤክስተርናሎች በወጡበት ዘመን ዊንዶውስ ኤክስፒ ገና በየቤቱ ነበር፣ እሱ ደግሞ ጂፒቲ አይገባውም። ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካ ኬዙ ውስጥ ያለውን ቺፕ አስተርጓሚ አደረገው፤ ስምንት ስምንት ሴክተር አንድ ላይ ጠቅልሎ ለኮምፒውተሩ "የእኔ ሴክተር 4096 ባይት ነው" ይለዋል። ቁጥሩ ለስምንት ስለሚካፈል ኤምቢአር 3 ቴራውንም ይችለዋል።

አዲሱ ኬዝህ ይህን ትርጉም አያደርግም። የመዝገቡ ገጽ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ሁለቱም ኬዞች ያገኙታል፤ እዚያ ላይ ግን "ፓርቲሽኑ ከ256ኛው ሴክተር ይጀምራል፣ ርዝመቱ 732 ሚሊዮን ሴክተር ገደማ ነው" ተብሎ ተጽፏል። የድሮው ኬዝ 256ን በ4096 አባዝቶ ትክክለኛው ቦታ፣ 1,048,576ኛው ባይት ላይ ያርፋል። አዲሱ በ512 አባዝቶ 131,072ኛው ባይት ላይ ይሄዳል፤ እዚያ ምንም የለም፣ ስለዚህ "ራው" ይላል። ርዝመቱም ለስምንት ተካፍሎ 349 ጊጋ ይሆናል።

ሳትጽፍበት ማረጋገጥ ከፈለግክ በማንኛውም የሄክስ ማሳያ ፕሮግራም ዲስኩን በተነባቢ-ብቻ ክፈትና ወደ 1,048,576ኛው ባይት ሂድ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ባይቶች ቀጥሎ ኤንቲኤፍኤስ የሚለው ስም ይታያል። ከዜሮ ጀምረህ ስትቆጥር 11ኛውና 12ኛው ባይት 00 10 ከሆኑ ሴክተሩ 4096 ነው፤ 00 02 ቢሆኑ 512 ይሆን ነበር።

ይህን ከምስጠራ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። አንዳንድ የታወቁ ኤክስተርናሎች ቺፑ ውስጥ ሁሉንም ነገር እየመሰጠሩ ነው የሚጽፉት፣ የይለፍ ቃል ባታደርግም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በአዲሱ ኬዝ መዝገቡም ራሱ አይነበብም ነበር፤ ዊንዶውስ "ኢኒሺያላይዝ አድርግ" ብሎ ነበር የሚጠይቅህ። ያንተ መዝገብ በግልጽ ስለተነበበ ምስጠራ የለበትም።

ስለዚህ ዲስኩን ወደ ድሮው ኬዝ መልስና የአዲሱን አዳፕተር ስጠው። ዊንዶውስ "ስካን ኤንድ ፊክስ" ቢል እንዳትቀበል። ተነስቶ ፎልደሮቹ ከታዩ ወዲያው ኮፒ ጀምር፤ ሌላ ምንም አትክፈትበት።

የድሮው ኬዝ ሰሌዳ ጭራሽ ቢሞት ኖሮስ ለሚል፦ ሊኑክስ ላይ ሎሴትአፕ የሚባለው ትዕዛዝ የሴክተሩን መጠን 4096 ብለህ፣ ተነባቢ-ብቻ አድርገህ ዲስኩን እንዲያቀርብልህ ያደርጋል፤ ከዚያ ፓርቲሽኑ እንደ ድሮው ይታያል። ቴስትዲስክ የሚባለው የሪከቨሪ ፕሮግራምም ጂኦሜትሪ የሚለው ውስጥ የሴክተር መጠን መቀየሪያ አለው።

ገንደቆሬ · ማክሰኞ ቀን 7፡05

በዚሁ ልጠይቅ። የእኔ ባለ 2.5 ኢንች ትንሿ ኤክስተርናል ናት፣ አዳፕተር የላትም። በላፕቶፕ ትሠራለች፣ በዴስክቶፑ የፊት ዩኤስቢ ግን "ትክ" ብላ ትጠፋለች። አንዳንዴ ደግሞ በላፕቶፑም በጣም ትዘገያለች።

ለገሀሬ (ድሬዳዋ) · ማክሰኞ ቀን 7፡30

ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ባለ 2.5 የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ነው፤ ሲነሳ ግን እስከ 1 አምፔር ሊጠይቅ ይችላል። ዩኤስቢ 2 በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። የዴስክቶፕ የፊት ዩኤስቢ በቀጭን ሽቦ ስለሚመጣ ቮልቱም ይወርዳል። የኋላውን ተጠቀሚ፣ ገመዱም ከግማሽ ሜትር አይብለጥ፤ ካልሆነ ሁለት ራስ ያለው የዋይ ገመድ።

መዘግየቱ ግን ከሶኬቱ ይመስላል። ያቺ ሰፊ ጠፍጣፋ ማይክሮ ቢ የምትባለው ሁለት ክፍል አላት፤ ሰፊው ክፍል የዩኤስቢ 2 ነው፣ ጠባቡ ዩኤስቢ 3ን ይጨምራል። በጠባቡ በኩል ትንሽ ከወጣች ዲስኩ ይሠራል፣ ግን በዩኤስቢ 2 ፍጥነት። እስከ መጨረሻው ገፍተሽ አስገቢያት። ላላ ካለች ገመዱን ቀይሪ፤ የኬዙን ሶኬት ለመቀየር ብየዳ ያስፈልጋል። ከመቀየርሽ በፊት ዲስኩ ተነቃይ ሳታ መሆኑን እይ፤ በአንዳንድ ትናንሽ ኤክስተርናሎች ዩኤስቢው በቀጥታ የዲስኩ ሰሌዳ ላይ ስለተበየደ ሌላ ኬዝ አይቀበሉም።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ) · ማክሰኞ ምሽት 1፡20

ተነሳ! ሁሉም ፎልደር ከነስሙ አለ። በዩኤስቢ 3 ነው የሰካሁት። ኮፒ የሚሆንበት ሌላ ባለ 4 ቴራ ዲስክ አዲሱ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ግን አሁን አዳፕተሩን ለድሮው ሰጠሁት፣ ሌላ ያስፈልገኛል። ሱቁ የራውተር አዳፕተር ሰጠኝ፣ 12 ቮልት 1 አምፔር ነው። ይሆናል?

ለገሀሬ (ድሬዳዋ) · ማክሰኞ ምሽት 1፡35

አይሆንም፤ በመነሻው ላይ ያንኑ ታሪክ ይደግምልሃል። የሲሲቲቪ ካሜራ የሚገጥሙ ሱቆች ጋ ሂድ፤ የእነሱ አዳፕተር አብዛኛው 12 ቮልት 2 አምፔር፣ ባለ 5.5 በ2.1 ነው። እዚያው ሱቅ ሳለህ ሁለቱን አምፖሎች አገናኝተህ ለካው፤ ላዩ ላይ 2 ተብሎ ተጽፎ 1 እንኳ የማይሰጥ አለ።

ሸዋበር (ሐረር) · ማክሰኞ ምሽት 2፡00

ኮፒ ከመጀመርህ በፊት የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈትና የ3 ቴራውን 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን እይ። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ በተራ ኮፒ ቀጥል። ሲ5 ዜሮ ካልሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ሴክተር አለው፤ ያኔ በተራ ኮፒ አታስጨንቀው፣ በዲዲሬስኪው (ከታመመ ዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም) መጀመሪያ ደህናውን ክፍል ቀድሞ ማውጣት ይሻላል። ሲ7 ብቻ ከሆነ ከፍ ያለው ችግሩ የግንኙነት ነው፣ የዲስኩ አይደለም።

2.4 ቴራ በሰከንድ 120 ሜጋ ቢሄድ 5 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በዩኤስቢ 2 ከሆነ ወደ 35 ሜጋ ስለሚወርድ 19 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ገና ስትጀምር እይ። መብራት ቢሄድ ከመጀመሪያው እንዳትነሳ በሮቦኮፒ (የዊንዶውስ የኮፒ ትዕዛዝ) አድርገው፤ እንደገና ስታስጀምረው የተገለበጡትን እያለፈ ከቆመበት ይቀጥላል። ሌሊት ይሁን፣ ኬዙም ክፍቱን ሆኖ ትንሽ ቬንትሌተር ይዙርበት። እናንተ ጋ ቀን ላይ በተዘጋ ኬዝ ውስጥ ዲስክ 55 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ለአብዛኞቹ ዲስኮች የሚፈቀደው ጣሪያ 60 ነው።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ) · ረቡዕ ጠዋት 12፡40

05፣ ሲ5፣ ሲ6 ሁሉም ዜሮ። የሲሲቲቪው አዳፕተር በሁለት አምፖል 11.9 ያዘ። ኮፒው በ110 ሜጋ ሄዶ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አለቀ፣ ሙቀቱ በቬንትሌተር ከ44 አላለፈም። ከሁለቱም ዲስክ ፎልደር በፎልደር የፋይሉን ብዛትና ባይቱን አነጻጽሬ ልክ መጥቷል። 3 ቴራውን አሁን በአዲሱ ኬዝ ልጠቀምበት?

ሸዋበር (ሐረር) · ረቡዕ ጠዋት 1፡05

ትችላለህ፣ ግን አትቸኩል። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ እስኪኖርህ ድረስ 3 ቴራው በድሮው ኬዝ እንዳለ ይቀመጥ። ከዚያ ወደ አዲሱ አዛውረህ በጂፒቲ እንደ አዲስ ፎርማት አድርገው፤ በጂፒቲ ከተሠራ በኋላ በማንኛውም ትርጉም በማያደርግ ኬዝ ወይም በዴስክቶፕ ሳታ ላይ ይነበባል። እስከዚያው ድሮው ኬዝ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ "4096፣ ዲስኩ አይለይ" ብለህ ጻፍበት፤ አሮጌ መስሎት የሚጥለው ሰው እንዳይኖር።